በረንዳ ላይ ያረፉ

እስከ ዛሬ ከሰው ስም፣ ከዕድሜና ከቀበሌ ቁጥር ሌላ ምንም ጽፌ አላውቅም። እሱንም ሌላ ሰው እየነገረኝ ነው የጻፍኩት። ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ተማሪ ሳለሁ ስለ ላም ድርሰት ጻፉ ስንባል፣ አጠገቤ የምትቀመጠውን ልጅ ላም እንዳለች ገልብጬ አስረክቤአለሁ። ስለዚህ ይኼኛው የመጀመሪያዬ ነው። አክስቴን በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ። እያንዳንዱን ቃል በጣቷ ይዛ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ ቀስ ብላ ነው የምታነበው። እኔም ቀስ ብዬ እጽፋለሁ።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። እናቴ ስትሞት ወስዳ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ቦንጋ ገበያ ኮረሪማና ጥምዝ ትሸጣለች፤ ስትጣራ ድምፅዋ ከገበያው ላይኛው ጫፍ እስከ ታችኛው ይደርሳል። እኔ እንዲያ አልሆንኩም። ሰው ፊት ስናገር ድምፄ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። ሱቅ ሄጄ ጨው ስጠይቅ ሁለት ጊዜ "ምን?" ሳልባል ገዝቼ አላውቅም። አክስቴ በቀን አሥር ጊዜ፣ "ድምፅሽን ከፍ አድርጊ እንጂ" ትለኝ ነበር። ቤታችን የምንነጋገረው በካፊኖኖ ነው፤ ይህችን ግን ሁልጊዜ በአማርኛ ነበር የምትላት፣ ደንበኛ እንደምትጣራበት።

የዚያን ዓመት ዝናቡ ዘግይቶ፣ አቧራው እንደ ዱቄት በሆነበት ወር፣ የማጅራት ገትር በሽታ ከተማችን ገባ። ሐኪም ቤቱ ሲሞላ የቀበሌያችን አዳራሽ ማቆያ ሆነ። ወንበሮቹ ወጥተው አልጋዎች ገቡ። አንድ አዛውንት ድሬሰር ከነመርፌ መቀቀያቸው ተመደቡ። መዝገብ የሚይዝ ሰው ሲፈለግ፣ መሠረተ ትምህርት ሳስተምር የእጅ ጽሑፌን ያዩ የቀበሌው ሰዎች እኔን ጠሩኝ። በር ላይ ጠረጴዛ ተሰጠኝ። የመጣውን እመዘግባለሁ፤ ማታ ማታ የቀኑን ሰንጠረዥ ገልብጬ ለወረርሽኝ ኮሚቴው ጸሐፊ እልካለሁ። ሰንጠረዡ ሦስት ዓምድ ነበረው፦ አልጋ የያዙ፣ የዳኑ፣ የሞቱ።

ኮሚቴው ገበያውን ዘጋ። የለቅሶ ድንኳን ከለከለ። ቀብር ላይ ከአምስት ሰው በላይ እንዳይቆም አለ። የእድር ጡሩምባም እንዳይነፋ አዘዘ፤ ምክንያቱም ጡሩምባ ሲነፋ ሰው ይሰበሰባል። በምትኩ ኮሚቴው ጠዋት ጠዋት የሟቾችን ስም በወረቀት ለእድሩ ዳኛ ይልክና አምስቱ ቆፋሪዎች ይወጣሉ። ቁጥሩ ደግሞ በቀበሌው አጥር ላይ በተሰቀለ ጥቁር ሰሌዳ በጠመኔ ይጻፋል።

ጭቅጭቁ ሁሉ የነበረው እዚያ ሰሌዳ ሥር ነው። አንዱ "ይህ ሁሉ ሰው የት ሞተ?" ይላል። ሌላው "ደብቀው ነው እንጂ ከዚህም ይበልጣል" ይላል። የእድራችን ዳኛ ከመሀል አገር መጥተው ብዙ ዓመት የቆዩ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ሱቃቸው በር ላይ ቆመው ለሚያልፈው ለሚያገድመው እንዲህ ይሉ ነበር፦

"ድሮ ሰው መሞቱን በጆሯችን ነበር የምንቆጥረው። አሁን ጡሩምባውን ከልክለው በጠመኔ ይነግሩናል። ጠመኔን ማን ያመሳክራል?"

አክስቴም ከሳቸው ወገን ነበረች። ኮረሪማዋ በጆንያ ቤት ውስጥ ተከምሯል። ማታ ስገባ በር ላይ ጠብቃ፣ "ዛሬስ ስንት ገደልሽ?" ትለኝ ነበር።

"እኔ አልገደልኩም፣ አክስቴ። ጻፍኩ እንጂ።"

"ገበያዬን የዘጋው ያንቺ እስክሪብቶ ነው።" ይህን ብላ ትስቅና ቆጮ ታቀርብልኛለች። ቀልዷ ግን እየከበደኝ ሄደ፤ ሳትቀልድ የምትለው ይመስለኝ ጀመር።

አንድ ሰኞ ቀን አልጋዎቹ ሞሉ። ከሰዓት በኋላ ከማንኪራ በኩል በቃሬዛ አንድ ሰው አመጡ፤ ከዚያ ደግሞ አንዲት ሴት ከነልጇ። ድሬሰሩ እጃቸውን በጋዋናቸው እየጠረጉ ወጡና በረንዳውን አዩት።

"ሰሌን አንጥፉና እዚህ ይረፉ፣ አልጋ እስኪለቀቅ" አሉ። ወደ እኔ ዞረውም፣ "የኔ ልጅ፣ ያረፉትን ለብቻ ጻፊልኝ፤ ካልጋዎቹ ጋር እንዳይደባለቁብን።"

እኔም በማስመሪያ አራተኛ ዓምድ ሠራሁ። ከላዩ ላይ በደንብ በተገራ ፊደል "ያረፉ" ብዬ ጻፍኩበት።

ቃሉ ሌላ ትርጉም እንዳለው አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው። ታላቅ ሰው ሲሞት "አረፉ" ሲባል ሰምቻለሁ። ነገር ግን አማርኛ ለኔ የትምህርት ቤትና የቢሮ ቋንቋ ነው፤ የምሰማውን ቃል እንደሰማሁት ነው የማስቀምጠው። ድሬሰሩ "ይረፉ" አሉ፤ ሰዎቹ ሰሌኑ ላይ ጋደም አሉ፤ ስለዚህ አረፉ። በዚያች ሰዓት ሌላ ምንም አልታየኝም። ኮሚቴው ቢሮ ያለው ጸሐፊ ደግሞ የራሱን ሐሳብ አሰበ። በር ላይ ያለችው ልጅ ጨዋ ናት፣ ለትልልቆቹ ሟቾች "የሞቱ" ማለት ከብዷት በአክብሮት "ያረፉ" ማለት ጀምራለች አለ። ሁለቱን ዓምዶች ደምሮ ሰሌዳው ላይ ጻፋቸው። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው።

የሰሌዳው ቁጥር ከፍ ማለቱን ማክሰኞ ሳልፍ አይቻለሁ። ከገጠር ቀበሌዎችና ከሐኪም ቤቱ ጋር ተደምሮ ይሆናል ብዬ አለፍኩ። ማንንም አልጠየቅሁም። መጠየቅ ለኔ ቀላል ነገር አይደለም።

ረቡዕ ጠዋት አክስቴ ከመኝታዋ መነሳት አቃታት። ትኩሳቷ እጄን ያቃጥል ነበር። አንገቷን ላቀናላት ስል ጮኸች። ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ተሸክመን ወስደን በረንዳው ላይ፣ ከግድግዳው በኩል፣ ሰሌን ላይ አስተኛናት። ስሟን በራሴ እጅ አራተኛው ዓምድ ውስጥ ጻፍኩ።

ድሬሰሩ አዩአት፤ ከአልጋ በሽተኞች ከተረፈው መርፌ ግማሽ ያህሉን ወጓት።

"ይህ አይበቃትም፣ ጋሼ?" አልኳቸው።

"አይበቃትም። መርፌው ከአውራጃ የሚላከው በታማሚ ቁጥር ነው። ለውስጦቹ ልክክ ብሎ ይመጣል፤ ለበረንዳው ሁለት ቀን ሙሉ ምንም አልላኩም። ምን እያሰቡ እንደሆነ እንጃላቸው።" ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጨመሩ፦ "ይህ በሽታ መርፌው ሲዘገይ ሰውየውን ቢተው እንኳ ባዶ እጁን አይሄድም። ወይ ዓይን ይዞ ይሄዳል፣ ወይ ጆሮ።"

እሳቸው ከአዳራሹ አይወጡም፤ የሚተኙትም መድኃኒት ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ ነው። ሰሌዳውን አይተውት አያውቁም።

ሐሙስ ጠዋት ልብሷን ልቀይርላት ፈልጌ ወደ ቤት ሄድኩ። ደጃችን ላይ ሦስት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ጮክ ብሎ ማልቀስ ስለተከለከለ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ነበር የሚያለቅሱት። አንዷ አቅፋኝ፣ "እግዜር ያጥናሽ" አለችኝ።

"ምን ሆናችሁ?" አልኩ።

"ቆፋሪዎቹ በጠዋት ወጥተዋል እኮ። ስሟ በወረቀቱ አለ።"

አሁን ተለይቻት ነው የመጣሁት። ውኃ በማንኪያ አጠጥቻታለሁ። እግሬ ወዴት እንደወሰደኝ ሳላውቅ ነጋዴው ሱቅ ደረስኩ። ወረቀቱን አሳዩኝ ብዬ ለመንኳቸው፤ ሦስት ጊዜ "ምን?" አሉኝ። የሦስቱን ቀን ወረቀት ከጨርቅ መለኪያቸው ሥር አውጥተው ሰጡኝ። የጸሐፊው ጽሑፍ ነው፣ ስሞቹ ግን እኔ የጻፍኳቸው ናቸው፣ በጻፍኩት ቅደም ተከተል። የማንኪራው ሰውዬ፣ ሴትዮዋ ከነልጇ፣ መጨረሻ ላይ አክስቴ። ያን ጊዜ ገባኝ። መርፌ ያልተላከላቸው ለዚህ ነው። ለሞተ ሰው መርፌ አይላክም።

"ሦስት ቀን ሙሉ ስም ይመጣል፣ ሬሳ አይመጣም" አሉ ነጋዴው። "አራት ጉድጓድ ተከፍቶ ቀርቷል። ልጆቹ እንድፈነው ወይ ሲሉኝ፣ ይቆይ አልኳቸው።"

"ጋሼ፣ አልሞቱም" አልኩ።

"ምን?"

ጥያቄው ስለደከመኝ ይሁን ስለፈራሁ አላውቅም፣ መልሼ አልነገርኳቸውም። ወደ ኮሚቴው ቢሮ ሮጥኩ። ተዘግቷል። ጥበቃው፣ "ሁሉም ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ሕዝብ እንዳይሰበሰብ የተከለከለበትን ምክንያት ለሕዝቡ ሊያስረዱ ነው" አለኝ፤ ሲለው ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም።

ሰዉ በቀበሌው ግቢ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ቆሟል። የኮሚቴው ሊቀ መንበር ጠረጴዛ ላይ ወጥተው ይናገራሉ።

"ጓዶች፣ ኮሚቴያችን ቀን ከሌት በመሥራቱ በአልጋ እጦት የተመለሰ አንድም ታማሚ የለም።"

"አልጋ እንዴት ይጠፋል?" አሉ ነጋዴው፣ ከኋላዬ ደርሰው ኖሯል። "ሰዉን በወረቀት ቀበራችሁት እኮ።" ሰዉ ሳቀ።

"አሻጥር ነው ይህ አነጋገር።"

"አሻጥር አይደለም፣ ጉድጓድ ነው። ሄደው ይዩት። ሬሳው የታለ?"

"አንዳንዱን ሐኪም ቤቱ ራሱ ይቀብራል" አሉ ሊቀ መንበሩ። እንደማያውቁ ከፊታቸው ያስታውቅ ነበር።

እጄን አወጣሁ። ማንም አላየኝም። በሰው መሀል እየገፋሁ ጠረጴዛው ሥር ደረስኩና፣ "ያረፉት አልሞቱም" አልኩ።

"ምን አለች?" አለ አንዱ።

"ድምፅሽን ከፍ አድርጊ" አለች አንዲት ሴት። አክስቴ የተናገረች ስለመሰለኝ ዞር አልኩ።

"ያረፉት አልሞቱም" አልኩ፣ በቻልኩት ሁሉ።

ሰዉ እንደገና ሳቀ፤ ከበፊቱ ይበልጥ። "ታዲያ ያረፈ ሰው ምን ይሆናል፣ ይነግዳል?" አለ ከኋላ ያለ ሰው። ቁልቁል እያየሁ፣ የጠረጴዛውን እግር እያየሁ ነበር የቀረውን የተናገርኩት። "በረንዳው ላይ የሚተኙትን ነው ያረፉ ብዬ የጻፍኩት። አልጋ ስለሌለ። መርፌ አልመጣላቸውም። አክስቴ አለችበት።"

አሁን ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እዚህ ላይ ቢቆም ጥሩ ነበር። አንድ ሰው "መርፌ እንላክ" የሚል መስሎኝ ነበር፤ እንዲህ ዓይነት ነገር ከተሰማ በኋላ የሚባለው እሱ ነው ብዬ ነበር የማስበው።

"አላልኳችሁም?" አሉ ነጋዴው። "ቁጥሩ የውሸት ነው። የጻፈችው ልጅ ራሷ መሰከረች። ገበያው ይከፈት።"

"ይከፈት" አለ ሰዉ። "ጡሩምባችንም ይመለስ" አለ ሌላው። ሊቀ መንበሩ ጠረጴዛውን በእጃቸው እየመቱ "ጓዶች፣ ጓዶች" አሉ። እኔ፣ ቁጥሩ ነው እንጂ በሽታው ውሸት አይደለም አልኩ። ብዬአለሁ። ማን ሰማኝ?

ሲበተኑ የነጋዴውን ጋቢ ጫፍ ያዝኩ። "ጋሼ፣ ገበያው አይከፈት።"

"ምነው ልጄ፣ የሞተ የለም ያልሽው አንቺው ነሽ።"

"የለም አላልኩም። ከተጻፈው ያነሰ ነው ያልኩት።"

"እሱው ነው" አሉኝ፣ በርኅራኄ። ክፉ ሰው አልነበሩም። "አክስትሽን እግዜር ይማርልሽ። እኔም ደንበኛዬ ናት።"

ሊቀ መንበሩን ተከትዬ ቢሮ ገባሁ። ጸሐፊው መዝገቡን ዘርግቶ ቆሟል፣ ግንባሩ አልቦታል።

"አንቺ ልጅ፣ 'የተኙ' ብለሽ አትጽፊም ነበር?" አሉኝ ሊቀ መንበሩ።

"ድሬሰሩ ናቸው ያረፉ ያሉት።"

"ይህ ቁጥር ወደ ጅማ ተላልፏል። ክፍለ ሀገር ይዞታል። አሁን ምን ብዬ ልጻፍ? የሞተን ሰው እንዴት አድርጌ ወደ ታማሚ እመልሳለሁ? ለዚህ የሚሆን ዓምድ አለ?"

ጸሐፊው ቀስ ብሎ፣ "እንደ አዲስ ታማሚ ቢመዘገቡስ?" አለ።

"በአንድ ቀን ያን ያህል አዲስ ታማሚ? ምን ሊሉን ነው?" ወዲያ ወዲህ ተንጎራደዱ። "ለሁለት ቀን ይከፈል። ግማሹ ነገ፣ ግማሹ ከነገ ወዲያ።"

"ጓድ ሊቀ መንበር፣ አክስቴ ዛሬ ነው መርፌ የሚያስፈልጋት" አልኩ።

"በተራ ነው" አሉኝ። ተራዋ መጨረሻ ነበር። ያን ተራ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

አርብ ዕለት አንድ አልጋ ተለቀቀ። ድሬሰሩ በሩ ላይ ቆመው፣ "ተራው የማነው?" አሉኝ። መዝገቡን ከፈትኩ። ከኔ ሌላ ማንም አያነበውም፤ የፈለግሁትን ስም ብጠራ የሚያርመኝ አልነበረም። የማንኪራው ሰውዬ ሐሙስ ማታ ሞቷል፤ ስሙ ማክሰኞ ዕለት ሰሌዳው ላይ ስለተቆጠረ አሁን ማንም አልጨመረውም። ቀጥሎ ያለው የሴትዮዋ ነበር፣ የልጅ እናት። የሷን ጠራሁ። ስጠራ ደግሞ ድምፄ ጥርት ብሎ ወጣ። ያን ቀን ለምን እንደወጣ አላውቅም፤ እስከ ዛሬም ያናድደኛል።

አክስቴ መርፌዋን ያገኘችው ቅዳሜ ነው። በዚያው ቅዳሜ ማንም ሳይፈቅድ ገበያው ቆመ። በረንዳው ላይ ተቀምጬ ራሷን በጭኔ ላይ አድርጌ ጫጫታውን እሰማ ነበር። ከማንኪራ ማር የጫኑ፣ ከደካ መንገድ የመጡ፣ ሳምንታት ያልተገናኙ ሰዎች ሲሳሳሙ ይሰማኛል። በሳምንቱ በረንዳው እስከ ደረጃው ድረስ ሞላ። ያን ጊዜ "የሚጠብቁ" የሚል ዓምድ ከአውራጃ ታትሞ መጣ። ነጋዴው ስለ ቁጥሩ መናገር ትተው ነበር። የተከፈቱት ጉድጓዶች አንዳቸውም ባዶ አልቀሩም።

ሊቀ መንበሩ የበሽታውን ነገር ሲያወሩ ዛሬም "የመዝገብ ስሕተት" ይላሉ። ነጋዴው ደግሞ "የቁጥሩ ውሸት" ይላሉ። ሁለቱም እኔን እያዩ ነው የሚናገሩት። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፣ ማንንም ጠይቄው ግን አላውቅም፦ ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ያለው ጊዜ በማን ዓምድ ይጻፍ?

አክስቴ ትኩሳቷ የለቀቃት ከመርፌው በኋላ ባለው ማክሰኞ ነው። ረቡዕ ቁጭ አለች፣ አጥሚት ጠጣች። ድሬሰሩ ዓይኗ ፊት ጣታቸውን ወዲያ ወዲህ አደረጉ፤ ተከተለችው። "ዓይኗ ደኅና ነው" አሉ፣ ደስ ብሏቸው። ሌላ በሽተኛ ጠራቸውና ሄዱ። እኔም ስሟን "የዳኑ" የሚለው ዓምድ ውስጥ ጻፍኩ። በሕይወቴ እንደዚያ አሳምሬ የጻፍኩት ስም የለም።

ደግፌ ወደ ቤት ወሰድኳት። ደጃችን ላይ ጆንያው አጠገብ አስቀመጥኳትና ሁሉንም ነገር እነግራት ጀመር። ስለ ዓምዱ፣ ስለ ጉድጓዱ፣ ሰው ሁሉ ፊት እንደተናገርኩ። በተለይ እሱን እንድትሰማልኝ ፈልጌ ነበር። እየተናገርኩ ስሄድ ንዴቱ ሁሉ ወጣና ድምፄ እየጨመረ ሄደ። ጎረቤታችን ምን መጣ ብላ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። ማዶ መንገድ ላይ የሚሄድ ሰው ቆሞ አየን። እኔ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም።

አክስቴ አፍ አፌን ስታይ ቆየች። ከዚያ እንደ ድሮው ቅንድቧን ሰብስባ፣ በአማርኛ እንዲህ አለችኝ፦

"ድምፅሽን ከፍ አድርጊ እንጂ።"